ድራመር ይፈለጋል

ይህን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣
ሽምብጥ፣ መብራት ምሰሶው ላይ፣ ካፊያ እየጣለብኝ።
ላዩ አዲስ ይመስላል፤ ልጣጩን ለላጠው
አራት ወረቀት አለ ሙጫው ያልለቀቀው፤
አንዱ ባንዱ ላይ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ገላ፣
አንዱ ድራመራችን ካንዱ ድራመር ኋላ።

ባንዳችን «ጉማሬ» ነው። የምንጫወተው ሮክ።
«ሮክ ምን ማለት ነው?» አለን የንግድ ፈቃድ ሹሙ፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ተዘጋጅቶ ቀለሙ።
«በፈረንጅ አፍ ድንጋይ» አልነው በቅንነት፤
«የድንጋይ ማምረት ሥራ» ብሎ ጻፈበት።
ይኸው እስካሁን ድረስ
ግብር የምንከፍለው በጠጠር ሒሳብ ነው፣
ጠጠሩ የታል ሲሉን፣ ዘፋኙን አስጩኸን የምናሰማው።

መጀመሪያ ዕድሉ ነበር። (ስሙን ያወጡለት ይጠየቁበት።)
ለደሴት ሰርግ ተጠርተን፣ ድራሙን በደንገል ታንኳ ጭነን፣
መሀል ሐይቁ ላይ ስንደርስ «ትንሽ ልሞክራት» አለን።
ከበሮው አንዴ ጓ!
ታንኳው ሁለቴ ዘመም፤
የቀረውን ውኃው ያውቃል፣ እኔ አልናገርም።
እሱን ዓሣ አጥማጆች አወጡት፣ በመረብ፣ በስንት ጣር፤
ድራሙ እዚያው ቀረ። አምባዛ ነው አሉ ገብቶ የሚኖር፣
ኪራይ ሳይጨመርበት፣ ከነቤተሰቡ፣ በሰላም።
ዕድሉ ከዚያ ወዲህ
በብርጭቆም ቢሆን ውኃ አጠገብ አይደርስም።

ምንይችል ተተካ። ድራም ስለሌለን
የእናቱን ሳፋ ሰርቆ፣ ወፍራም የቆርቆሮ ሳፋ፣ አመጣልን።
ጎበዝ ነበር። ግን ቪዲዮ አየ።
ዓባይ ማዶ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ዓመታዊ በዓል ላይ፣
ዱላውን እያሽከረከረ ወረወረው ወደ ላይ።
ዱላው ጣሪያ ደረሰ፤ ቬንትሌተር መታው፤
ቁልቁል ተመለሰ፤ የፊት ጥርሱ ነው የቀለበው።
አሁን የሰፈር ኳስ ዳኛ ነው፣ ኑሮም ተሻሽሎለት፤
«ስ» ባለ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፣ ፊሽካ ሳይገዙለት።

ባይሌ...
እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።
ባይሌ ቆዳ ሊገዛ ወደ ዘጌ ተሻገረ፣
ከጫካው ውስጥ የማኅሌት ከበሮ ሰማ፤ በዚያው ቀረ።
በጀልባ ሄደን ለመንነው።
«እዚህ» አለን «ስመታ፣ ቀንስ የሚለኝ የለም፤
ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ ደግሞ መብራት አይጠፋም።»
ምን ይባላል? አንገት ደፍተን ተመለስን።

አራተኛው ጥጋቡ፣ ቀጭን፣ እንደ ሰንበሌጥ፤
ወባ ሲነሣበት ብቻ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣
እንደሱ የመታ የለም! ሰው ወንበር ላይ ወጣ።
ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ክኒኑን ጨረሰ፤ ዳነ፤
ምቱም አብሮት ዳነ።
(እግዜር ይቅር ይበለን፤ በመስከረም
አጎበሩን የቀደድነው እኛ ነበርን።)

የቀረነው ሦስት ነን።
ዘፋኙ አስናቀው፦ ጸጉሩ እምቦጭ ነው፣ በዘመቻ ቢነቀል
ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ የሚበቅል።
ጊታሪስቱ አለኸኝ፦ መብራት የጠፋ ለት
ብቻ ነው ሶሎው አንድም ስሕተት የሌለበት።
እኔ ቤዝ ነኝ። ማለት፣ ጄኔሬተር ጎታች።

ትናንት በር ተንኳኳ።
ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው፣ የምንይችል እናት።
«ሳፋዬን» አሉ፤ ሁለት ዓመት የታገሡት።
ተቀበሉ። ገለበጡት። ተሰንጥቆ እንደሆን ሊያዩ
በመዳፋቸው መቱት፣
ቀጥሎ በጣታቸው አንጓ፣ ዳር ዳሩን፣
ቀጥሎ መሀሉን።
ዝም አልን።
አለኸኝ ሳያስበው አንዲት ክር ነካ፤
መብራት ነበረ፤ አልተሳሳተም ለካ።

«እማማ፣ ማክሰኞ ልምምድ አለን» አልናቸው።
«ማክሰኞ» አሉ «ልብስ አጥባለሁ»፤
ሳፋውን በነጠላቸው ላይ፣ ለካፊያው፣ ደፍተው ሄዱ።
ጠብታው ከላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ... አንድም አላሳለፈ፤
ቤዝ ተጫዋች ነኝና ቆጠርኩት።

ይኸው፣ ሙጫ በእጄ፣ ማስታወቂያው ላይ ጨመርኩበት፦
ልምድ አያስፈልግም።
ዋና የሚችል ቢሆን።
ሳፋ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፤
ልምምዱን ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ አዛውረናል።